የመቀነት ሰዓት

በ2081 ዓ.ም. በገመድ ተንጠልጥሎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ኬብል ካር ሾፌር አልነበረውም። ራሱ ይነሳል፣ ራሱ ይቆማል። ሆኖም መመሪያው በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙሮ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር። ይህ ሰው አረጋጊ ይባላል። ነፋስ ሳጥኑን ገደል ላይ ሲያወዛውዘው ተሳፋሪው ቀና ብሎ የሚያየው የአረጋጊውን ፊት ነው። እሱ ከተረጋጋ ሁሉም ይረጋጋል። ሌላ ሥራ የለበትም።

ዘምዘም አሊጋዝ በዚህ ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ቆይታለች። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ፊቷ ክብ፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ነፋስ ባለበት ቀን ተሳፋሪዎች የእሷን ሳጥን መርጠው ይሰለፉ ነበር። ልጇን ሃያትን ከወለደች ወዲህ ግን መቀመጥ መከራ ሆነባት። ከታች፣ ሰው ፊት ስሙ በማይጠራው ቦታ፣ ፍም ላይ ያስቀመጧት ያህል ያቃጥላታል። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ሽንት ቤት ስትገባ ሽንቷ እሺ ብሎ እስኪመጣ ደቂቃዎች ትጠብቃለች። እንዲህ ሆና አሥራ አራት ወር አለፋት።

በዚያ ዘመን የወለደች ሴት ሁሉ ከማዋለጃ ክፍል የምትወጣው ልጇን ታቅፋ፣ ወገቧ ላይ የጤና መቀነት ታጥቃ ነበር። መቀነቱን የሚያድለው የእናቶች ብርታት ጽሕፈት ቤት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቀን ሰባት ሰዓትና ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነዝርና ለታጠቀችው ሴት ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ሰብስቢ… ያዢ… ልቀቂ» ይላታል። የሚሰበሰበው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው፤ ፊኛንና ማህፀንን እንደ አልጋ ጠፍር ከሥር ደግፎ የያዘው።

ያን ሦስት ደቂቃ አገሩ የመቀነት ሰዓት ይለው ነበር። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትመዝን ሴት ሚዛኗን አንጠልጥላ ዝም ትላለች። ዳኛዋ ፍርዱን ከመሃል ታቆመዋለች፤ ተከሳሹም ይጠብቃል። በሳጥኑ ውስጥ ሴቶቹ ዓይናቸውን አንድ ቦታ ይተክላሉ፣ ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። በዚያ መሃል ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ባለጌ ነው። ሦስት ደቂቃው ሲያልቅ ወሬው ከቆመበት ይቀጥላል።

መቀነቱ ብዙ ሴት ጠቅሟል። ባሳሉ ቁጥር የሚሸማቀቁ፣ ሰርግ ቤት መዝለል የተዉ እናቶች ወደ ጭፈራው ተመልሰውበታል። ስለዚህ የሚቃወመው አልነበረም። የእያንዳንዷ ሴት ውጤት ከመቶ ይመዘገባል፤ ከጎረቤቶቿ ውጤት ጋር ተደምሮም የወረዳው ደረጃ ይወጣል።

ዘምዘም ዘጠና ስምንት ነበራት።

ሕመሙ የመጣባት ጡንቻዋ ስለላላ መስሏት ነበር። መቀነቱ አሥር ጊዜ ሰብስቢ ሲላት ሃያ ትሰበስባለች። ልብስ ስታጥብም፣ ልጅ ስታባብልም ትሰበስባለች። «ልቀቂ» ሲላት ግን ግማሹን ብቻ ትለቃለች፤ ሁሉንም ብትለቅ የሆነ ነገር ተዘርግፎ የሚወድቅባት ይመስላታል። ጤና ጣቢያ ሄዳ በሐኪም ፈንታ በተተከለው መመርመሪያ መስታወት ፊት ሦስት ጊዜ ቆማለች። ሦስቴም «የሚታይ ችግር የለም፤ ውጤትሽ እጅግ ጥሩ ነው፤ በዚሁ ቀጥዪ» ብሏታል።

ባሏ ይመር ቦርከና ወንዝ ዳር ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ከወለደች ወዲህ ሁለት ጊዜ ቀርቧት ሁለቴም አልቅሳለች። ምን ሆንሽ ሲላት «ደክሞኝ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ፍራሹን ወደ ሃያት ክፍል ወሰደ፤ ልጅቷን ሳል ይዟታል አለ። ሳሉ አለፈ፣ ፍራሹ ግን እዚያው ቀረ። እሷም አልጠየቀችም፣ እሱም አልተናገረም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መጣ። መጀመሪያ የመሥመሩ ተቆጣጣሪ አስጠራት።

«ተሳፋሪ አመልክቶብሻል» አላት።

«ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም። ትቁነጠነጫለሽ። ሰኞ ዕለት ስትገላበጪ ያዩ ሦስት ሽማግሌዎች ገመዱ ሊበጠስ ነው ብለው መካከለኛው ጣቢያ ላይ ወርደው ቀሪውን ዳገት በእግራቸው ወጥተውታል። አንዱ የዘጠና ዓመት ሰው ነው፣ ዘምዘም! ሌላ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አቤቱታ ከመጣ ከሳጥን ትወርጃለሽ።»

በማግስቱ ደግሞ ወይዘሮ ፋንቱ መጡ። ወይዘሮ ፋንቱ የሰፈሩ እናቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ድምፃቸው ከሦስት ቤት በፊት ይደርሳል።

«እልል በይ!» አሉ ገና ከበሩ።

«ምነው እትዬ ፋንቱ?»

«ከወረዳው አንደኛ! ሞዴል እናት ሆነሻል! ሰኔ ሃያ ስምንት አዳራሽ ትሸለሚያለሽ፤ ፎቶሽ ኬብል ካር ጣቢያው ላይ ይሰቀላል።»

«ምን አድርጌ?»

«ሰብስበሽ ነዋ! በይ ተቀመጪና ዝግጅቱን ላውራሽ።»

«ይቅርታ እትዬ፣ ቆሜ ይሻለኛል» አለች ዘምዘም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት አንዲት የስድሳ አምስት ዓመት ሴት ከኮምቦልቻ ተሳፍረው ከዘምዘም ፊት ለፊት ተቀመጡ። አጠር ያሉ፣ እጃቸው ሰፋፊ ነበሩ። ደሴ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው አልተነሱም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ይጠይቁኝ።»

«ከታች ከተነሳን ዘጠኝ ጊዜ ተቀያየርሽ። የምታርፊው ሁልጊዜ በግራ ጎንሽ ነው። እንዲህ ከሆንሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ዘምዘም እንደለመደችው ደህና ነኝ ልትል አፏን ከፈተች።

«አሥራ አራት ወር» አለች።

«እንዲህ ብሎ የጠየቀሽ አለ?»

«መስታወቱ…»

«ሰው ነው ያልኩሽ።»

«የለም» አለች ዘምዘም።

ሴትዮዋ ትርንጎ ካሳሁን ይባላሉ፤ ፊዚዮቴራፒስት ናቸው። በዚያን ጊዜ ደሴ ውስጥ በእጃቸው የሚያክሙ ፊዚዮቴራፒስቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሌላኛው ደግሞ ከጉልበት ወዲያ አያይም። ዘምዘም በዚያው ቀን ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ ካለ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ወዳለው ክፍላቸው ሄደች። ከታች የሚንጎራጎረው የስፌት መኪና የክፍሉን ወሬ ለደረጃው አያሳልፍም፤ ትርንጎም ቦታውን የመረጡት ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጥያቄ ብቻ ነበር። ሲያምሽ የት ድረስ ይሄዳል? ሽንትሽን ለመጀመር ትቸገሪያለሽ? ሰገራ ስትቀመጪስ? ከባልሽ ጋር ስትሆኚ? ዘምዘም ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ነገር ለማታውቃቸው ሴት ዘረገፈችው። ትርንጎ አንዱንም መልስ ሲሰሙ ፊታቸውን አላጨማደዱም።

«አሁን ጡንቻውን በጓንት፣ በአንድ ጣት ከውስጥ መንካት ይኖርብኛል» አሏት። «ካልፈለግሽ ዛሬ አይደረግም፣ ነገም አይደረግም። ከጀመርኩ በኋላም አቁሚ ካልሽኝ አቆማለሁ።»

ዘምዘም ትንሽ አሰበችና እሺ አለች።

ትርንጎ ቀስ ብለው፣ በየደረሱበት እየነገሯት መረመሩ። በቀኝ በኩል አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ዘምዘም ከአልጋው ልትዘል ቃጣች።

«ይኼ ነው!» ብላ ጮኸች። «እትዬ፣ ይኼ ነው! ያገኙት እሱን ነው!»

እንባዋ እየወረደ ትስቅ ጀመር። አሥራ አራት ወር ሙሉ የለም የተባለውን ነገር ሰው በጣቱ ነክቶ አገኘው። እብድ አልነበረችም።

«በይ እስቲ ሰብስቢ» አሉ ትርንጎ።

«ሰበሰብኩ።»

«አልሰበሰብሽም።»

«ኧረ ሰብስቤያለሁ! እኔ እኮ ዘጠና ስምንት ነኝ!»

ትርንጎ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን ጨበጡና አሳዩአት። «ይኼን የተጨበጠ እጅ እስቲ ጨብጪልኝ። አይሆንም አይደል? የአንቺም ጡንቻ ከተጨበጠ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። አልላላም፤ ዛለ እንጂ። መልቀቅ ረስቷል።»

«መቀነቱ ግን ጎበዝ ነሽ ይለኛል።»

«መቀነቱ መሰብሰብሽን ይቆጥራል፤ መልቀቅሽን ማን ቆጠረ? እኔ መቀነት አልጠላም። ለላላ ጡንቻ መድኃኒት ነው። የሌላ ሰው መድኃኒት ወስደሽ ነው የታመምሽው።»

ከዚያ ማስተማር ጀመሩ። በጀርባዋ አስተኝተው እጇን ሆዷ ላይ አስቀመጡላት፤ አየሩ ሆዷን ሲሞላው የዳሌዋ ወለልም አብሮ ወደ ታች እንዲለጠጥ፣ እንዲያርፍ። ቀጥሎ በጉልበቷና በግንባሯ መሬት አስነኳት። «እንደ ሱጁድ ነው፤ ጉልበትሽን ብቻ ሰፋ አድርጊው። እዚያው ቆይተሽ አሥር ጊዜ ተንፍሺ። ሽንት ቤት አታምጪ፣ አትቸኩዪ። ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ የተቋጠረውን በእጄ እፈታልሻለሁ።»

«መቀነቱስ?»

«ይውለቅ።»

መቀነቱ ከወገብ ሲወልቅ ጮክ ብሎ የመናገር ጠባይ ነበረው። ዘምዘም በፎጣ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። በአምስተኛው ቀን ይመር ጥቅሉን በሁለት እጁ፣ እንደ ታመመ ጫጩት ይዞት ጓዳ ገባ።

«ይኼ ነገር ስምሽን እየጠራ ነው» አላት። «‹ዘምዘም፣ ምን አስቀየምኩሽ?› ይላል። እኔም እንዲሁ ልጠይቅሽ ስፈራ ነው የከረምኩት።»

ዘምዘም የምትከትፈውን ጎመን ተወችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ማቃጠሉን፣ መስታወቱን፣ ትርንጎን፣ ያለቀሰችባቸውን ሁለት ቀናት። ይመር ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ወላሂ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ የተውከኝ።»

«ፍራሹን የወሰድኩት እንዳላስለቅስሽ እኮ ነው!»

«ሳል ነው ያልከኝ!»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። «አብሽሪ» አላት። «በይ ያን አተነፋፈስ አሳዪኝ፣ አብሬሽ እሠራለሁ።» ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተኙ። ይመር እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ እንዳዘዘችው በረዥሙ ተነፈሰ፤ በሦስተኛው ላይ አንኮራፋ።

የዘምዘም ውጤት ግን ወደ ገደል ወረደ። ሰኔ ሃያ ላይ ወይዘሮ ፋንቱ ሰላም ሳይሉ ገቡ።

«አሥራ አንድ!» አሉ። «አሥራ አንድ ምን ማለት ነው? የሞተች ሴት እንኳ አሥራ አምስት ይመጣላታል! ወረዳው በአንቺ ምክንያት ሰባተኛ ሆነ።»

ዘምዘም አስረዳቻቸው። ወይዘሮ ፋንቱ እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ ቁጣቸውም በረደ። ግን የተለጠፈ ስም ነበር፣ የተጠራ ሕዝብ ነበር። «ስምንት ቀን ብቻ እሰሪው» ብለው ለመኗት። «ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ሁኚ። ደግሞ አስቢው፤ ሞዴል እናትን ከሳጥን የሚያወርድ የትኛው ተቆጣጣሪ ነው?»

ይህ እውነት ነበር። ፎቶዋ ጣቢያው ላይ ከተሰቀለ ማንም አይነካትም። ዘምዘም በማግስቱ መቀነቱን ታጠቀች። ሦስቱንም ሰዓት እንደ ድሮዋ ሰበሰበች። ምሽት ላይ ከጣቢያው ደረጃ የእጅ መደገፊያውን ይዛ ነው የወረደችው፤ በሁለት ሳምንት ያገኘችው ፋታ በአንድ ቀን ሄደ። ቤቷ ስትደርስ መቀነቱን ፈታች፤ ኃይል መስጫውን ነቅላም ለይመር ሰጠችው።

ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን አዳራሹ ሞላ። ከሁለት መቶ የማያንሱ እናቶች፣ ከጽሕፈት ቤቱ የመጡ አንድ ኃላፊ፣ ጠረጴዛ ላይ ሰርተፍኬትና ትልቅ ፔርሙዝ። ዘምዘም ትርንጎን ለምና አምጥታቸው ከኋላ ተቀምጠዋል። ኃላፊው ከአንድ ወር በፊት የታተመውን ወረቀት አነበቡ፦ «ዘጠና ስምንት በማምጣት…» ጭብጨባ ሆነ። ወይዘሮ ፋንቱ ማይክሮፎኑን ለዘምዘም ሲያቀብሉ «አደራ፣ አመሰግናለሁ ብቻ በይ» ብለው አንሾካሾኩ።

ዘምዘም ማይክሮፎኑን ያዘች። ስድስት ዓመት ሙሉ ገደል ላይ ስትወዛወዝ ሰው ስታረጋጋ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«አመሰግናለሁ» አለች። «ግን ወረቀቱ የቆየ ነው። ዛሬ ውጤቴ አራት ነው።»

አንዳንዶች ሳቁ። ኃላፊው ወረቀታቸውን ገለበጡ።

«ዘጠና ስምንት ያመጣሁት ጎበዝ ሆኜ አልነበረም። አሞኝ ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ እንደ ሰው መቀመጥ አልቻልኩም። ባሌ ሲቀርበኝ አለቅስ ነበር። ደካማ ነኝ ብዬ ባጠበቅኩት ቁጥር ባሰብኝ። መቀነቱ ለሚያስፈልጋት ጥሩ ነው፣ አውልቁ አልላችሁም። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ግን መልቀቅ ነበር፤ እሱን የነገሩኝ በእጃቸው የነኩኝ ሴት ናቸው።» ትንፋሿን ወደ ሆዷ ሳበች። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሁን መቀመጥ እያመማት የተቀመጠች ካለች፣ ትነሳ። መነሳት ምንም አይደለም። እኔም ቆሜያለሁ።»

ማንም አልተነሳም። ዘምዘም ያበላሸችው መሰላት። ከዚያ መሃል ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ተንቋቋ፤ አንዲት ወጣት አራስ ተነሳች። ከኋላዋ ሌላ። በመስኮቱ በኩል ሦስት በአንድ ላይ፣ እርስ በእርስ እየተያዩ። ጽሕፈት ቤቱ በኋላ በሪፖርቱ ሠላሳ አራት ሴቶች መነሳታቸውን መዝግቧል።

«ተቀምጦ የማያመው ሰውስ?» አሉ ወይዘሮ ፋንቱ ከጠረጴዛው፣ ፊታቸው ያለው ሌላ ማይክሮፎን ክፍት መሆኑን ረስተው። «እኔ ስስቅ ያመልጠኛል። ስድስት ዓመት ሰብስቤ አንድም ቀን አልቆመልኝም!» ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ራሳቸውም ሰሙት፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ፣ ከዚያ ደንግጠው እግራቸውን አቆላለፉ።

በዚህ መሃል በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ዘበኛ ቆባቸውን አውልቀው እጃቸውን አነሱ። «ወንድ መነሳት ይችላል?»

«ይችላል!» አሉ ትርንጎ ከኋላ። «ወንድም የዳሌ ወለል አለው!»

ስብሰባው በዚያው አበቃ፤ ጸጥታ ማስከበር ስላልተቻለ። የተሰጠ ሽልማት የሚመለስበት ሥርዓት ስላልነበረ ዘምዘም ፔርሙዟን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። የልብስ ስፌት ቤቱ ደረጃ ላይ ሰልፍ ተጀመረ። ትርንጎ ብቻቸውን ስላልቻሉት በክረምቱ ስምንት ነርሶች ማሠልጠን ጀመሩ። ወይዘሮ ፋንቱ ሲመረመሩ፣ ሰብስቢ በተባሉ ቁጥር ወደ ላይ በመሳብ ፈንታ ወደ ታች ሲገፉ መኖራቸው ታወቀ። ሲስተካከልላቸው በሦስት ወር ውስጥ ሳቃቸውን ሳይፈሩ ይስቁ ጀመር፤ ጎረቤቱም ይህን ሳይወድ በግዱ ሰማ። የእናቶች ብርታት ጽሕፈት ቤት በኅዳር ወር መቀነቱን አሻሻለ። አሁን ከመጀመሩ በፊት «ያምሻል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ያለችውን ወደ ሰው ይልካታል።

የመሥመሩ ተቆጣጣሪ የአዳራሹን ወሬ ከሚስቱ ሰማ። ሚስቱ ከተነሱት አንዷ ነበረች። ዘምዘምን ጠርቶ፣ ጠረጴዛውን እያየ፣ እስኪሻልሽ ድረስ ቆመሽ ሥሪ አላት። ሕዝቡም ቆማ ለገደሉ ጀርባዋን የሰጠችውን ሴት ሲያይ ከቀድሞው ይበልጥ ተረጋጋ።

ሕመሙ በአንድ ጊዜ አልሄደም። ነሐሴ ላይ ጭራሽ ብሶባት ሁለት ቀን ተኛች፤ ትርንጎ «መንገዱ እንደ ደሴ መንገድ ነው፣ ይጠማዘዛል እንጂ ይወጣል» አሏት። ወጣም። መስከረም ላይ ይመር ፍራሹን ወደ ቦታው መለሰ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ጥር ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ ሦስቱም ሐይቅ ሄዱ። ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ በሉ። ሃያት አሸዋ ውስጥ እጇን ቀብራ ትጫወታለች። ይመር አጎቱ አንድ ጊዜ እዚሁ ሐይቅ ላይ በታንኳ ሲሄዱ ስለተከተላቸው ትልቅ ዓሣ ያወራል። አጎቱ ሲሰግዱ ዓሣው ጭንቅላቱን ያወጣል፤ ሲጨርሱ ይገባል። ዘምዘም ሳቋ አላስተነፍስ ብሏት ትከሻውን ትመታዋለች።

ድንገት ይመር ወሬውን አቆመና ያያት ጀመር።

«ምነው?» አለችው።

«ከመጣን ሦስት ሰዓት አለፈን» አላት፤ ድምፁ ቀነሰ። «አንዴም አልተነሳሽም።»

ዘምዘም የተቀመጠችበትን ድንጋይ አየችው። ጥቁር፣ ሻካራ፣ ትራስ የሌለው ድንጋይ ነበር። ውኃውን አየች፣ ልጇን አየች፣ ዓይኗ ሞላ። በእጇ ጀርባ ጠረገችውና ወደ ባሏ ጠጋ አለች።

«ታዲያ ወሬውን ምን አስቆመህ?» አለችው። «ዓሣው ጭንቅላቱን ሲያወጣ አጎትህ ምን አሉት?»

ይመርም ቀጠለ።